ቆጣሪው ያጋነነው ውሃ

ሰኞ

የውሃ ሞተሩ መሳቢያ ቱቦ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል። የሞተሩ ባለቤት አዴ ዘሀራ ስንጥቁን በብስክሌት ከመነዳሪ ጠቅልለው አስረውታል። ሞተሩ ሲነሳ ከስንጥቁ ውሃ አይወጣም፤ አየር ነው የሚገባው። ጆሮዬን ጠጋ ሳደርገው ያፏጫል። ውሃና አየር እየቀላቀለ ይስባል፣ ናፍጣውን ግን ሙሉውን ይበላል።

ከአዳማ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነስተን መቂ ሁለት ሰዓት ላይ ደረስን። ዶክተር ሃዊ መኪናው ገና ሳይቆም ወረደች፤ ጫማዋን አውልቃ ጭቃው ውስጥ ገባች። ፊት ለፊት «እርስዎ» እላታለሁ፤ እዚህ ደብተር ላይ ግን እሷ ናት፤ የታናሽ እህቴ እኩያ ናት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የላቦራቶሪ ሥራዬ ብዙ ተመራማሪ ይዤ ወጥቻለሁ። አብዛኞቹ ጥላ ሥር ቆመው «ስንት አነበበ?» ይላሉ። ይቺ ራሷ ታነባለች፣ እኔም እንዳነብ ታደርጋለች፣ ሁለታችን የጻፍነው ካልተመሳሰለ እንደገና።

የጥናቷ ጥያቄ ቀላል ነው። ገበሬው ሞተር ሳይቀይር፣ ቱቦውንና የሞተሩን አቀማመጥ ብቻ አስተካክሎ፣ በዚያው ናፍጣ ምን ያህል ተጨማሪ ውሃ ያገኛል? ሞተሩን ያዋሱን አዴ ዘሀራ ናቸው፤ አገሬው «አዴ» የሚለው እናት ለማለት ነው። ስድሳ ያለፋቸው፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሽንኩርት ማሳቸውን ብቻቸውን የሚያስተዳድሩ ሴት። ለሃዊ በኦሮምኛ፣ ለእኔ በአማርኛ ያወራሉ፤ አንዳንዴ ይምታታባቸውና ለእኔም በኦሮምኛ ይቀጥላሉ። ግድ የለም፣ እሰማለሁ።

«ድሮ የሐይቁ ውሃ እዚህ ነበር» አሉ፣ የቆምንበትን እያሳዩ። ሐይቁ በሸሸ ቁጥር ቱቦ ሲቀጥሉ ኖረዋል። ሞተሩ ግን የድሮ ቦታው ላይ እንደቆመ ነው።

ዛሬ የለካነው እንዳለ፣ አሮጌውን ነው፤ ቆጣሪው ቀጥ ያለ ቱቦ ላይ ተገጥሞ። ሦስት ጊዜ። ጀርባዬ ተቃጥሏል። ሃዊ ምሳዋን የበላችው ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አንድ እጇ ሰዓት እንደያዘ ነው።

ማክሰኞ

ምን ዓይነት ቀን ነው!

ከጎረቤት ማሳ አራት ሰዎች መጥተው ሞተሩን ከነመቀመጫው ተሸክመን ወደ ውሃው አወረድነው። ዳገቱ ላይ ጠፍጣፋ ቦታ ቆፈርን። አዲሱ መሳቢያ ቱቦ አጭር፣ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ። የውሃ ቆጣሪውን ዛሬም የገጠምኩት እኔ ነኝ። ውሃ የሚወጣበት ቱቦ ዳገቱን ሊወጣ ሲታጠፍ፣ ከመታጠፊያው ቀጥሎ ምቹ ቦታ አገኘሁና እዚያው አስቀመጥኩት።

ሞተሩ ተነሳ። ድምፁ ተለወጠ፤ ጭሱም ሳሳ። ቆጣሪው በትናንቱ ናፍጣ ልክ አንድ ሦስተኛ የሚያህል ተጨማሪ ውሃ አሳየ። ደገምነው፣ ያው። ሦስተኛውን ስናነብ ሰዉ አጨበጨበ። ሽንኩርት ሊያይ የመጣ ደላላ ሳይቀር ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ። ከድር የሚባለው ጎረቤት «እኔም ዛሬውኑ እቀይራለሁ» አለ። ሃዊ «ትንሽ ጠብቅ» አለችው፤ ግን እየሳቀች ነበር። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ዓርብ አዳማ ላይ ውጤቱን ታቀርባለች። ገበሬዎቹም ይመጣሉ፤ ጥናቱ ሁለት ዓመት ይቀጥል ወይም እዚህ ይብቃው ብለው የሚወስኑት ሰዎችም አሉ። በዚህ ቁጥር ማን እምቢ ይላታል?

አንድ ነገር። ዕቃ ስጭን አዴ ዘሀራ ጠጋ ብለው «ደረጀ፣ ይኼ ቆጣሪያችሁ እውነቱን ነው?» አሉኝ።

«እንዴት?»

«ትናንት በእናንተ መለኪያ ናፍጣ ሃያ ቦይ ጠጣልኝ። ዛሬ ሃያ ሦስት። ቆጣሪው እንዳለው ቢሆን ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት መድረስ ነበረበት።»

«አፈሩ ደርቆ ብዙ ጠጥቶ ይሆናል» አልኳቸው።

«መሬቴን አውቀዋለሁ» አሉና ተዉኝ።

ለሃዊ አልነገርኳትም። መንገዱን ሁሉ ስታንጎራጉር ነበር። ሞጆ ላይ ሐብሐብ ገዝታ ለቤቴ ብላ ሰጠችኝ።

ረቡዕ

ጠዋት ማንም ሳይመጣ ላቦራቶሪ ገባሁ። የአዴ ዘሀራ ሃያ ሦስት ቦይ አላስቀምጥ ብሎኛል።

ቆጣሪውን ቀጥ ባለ ቱቦ ላይ ገጠምኩ፣ ውሃውን በርሜል ውስጥ ለቀቅኩ። ልክ ነው። ቆጣሪውና በርሜሉ ተስማሙ። ተንፈስ አልኩ።

ከዚያ ልክ እንደ መቂው፣ ከመታጠፊያው ቀጥሎ ገጠምኩት።

በርሜሉ ገና ሳይሞላ ቆጣሪው ሞልቷል ይላል።

ገባኝ። ውሃው ሲታጠፍ ይሽከረከራል፤ እየተሽከረከረ የቆጣሪውን መዘውር ከልኩ በላይ ያዞረዋል። ይኼን ለተማሪዎች የማሳይ ሰው ነኝ! ከመታጠፊያ አርቃችሁ ግጠሙ እያልኩ ስንቱን ተቆጥቻለሁ። መቂ ላይ ግን ዳገት ነበር፣ ፀሐይ ነበር፣ ደክሞኝ ነበር።

ለግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። እውነቱን ልጻፍ፤ ዝም ማለትን አስቤያለሁ። ማን ያውቃል? አንዲት ገበሬ ብቻ።

ሃዊ ሦስት ሰዓት ላይ ገባች። ስላይዶቿን ጨርሳለች፣ ልታሳየኝ ኮምፒውተሯን ከፈተች። «ዶክተር፣ መጀመሪያ ይኼን ይዩ» አልኳት። አሳየኋት። እጅጌዋን ሰብስባ ራሷ ደገመችው፤ ሦስት ጊዜ። ከዚያ የተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀመጠች። ስድብ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በመጨረሻ ያለችው «ጋሽ ደረጀ፣ ዛሬ ስለነገሩኝ እግዜር ይስጥልኝ» ነው።

ይኼን ስትል የቀረውም ወጣኝ። «የጠየቁት አዴ ዘሀራ ናቸው። ማክሰኞ ዕለት። አልነገርኩሽም» አልኩ። አንቺ አልኳት፤ አፌ ላይ የመጣው ያ ነው። ቀና ብላ አየችኝ። ተናደደች፤ ጆሮዋ ቀላ። «ሁለተኛ እንዲህ እንዳያደርጉ» አለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ወዲያው ስልኳን አንስታ አዴ ዘሀራ ጋ ደወለች። በኦሮምኛ ነው ያወሩት፤ አብዛኛው ገብቶኛል። እርስዎ ልክ ነበሩ፣ እኛ ተሳስተናል፣ ነገ መጥተን እንደገና እንለካ ወይ? አለቻቸው። «ኮቱ» ሲሉ ተሰማኝ፤ ነይ ማለታቸው ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዋ ሰምቶ መጣ። ሰውየው ክፉ አይደለም። «ምን አደከመሽ? ቆጣሪው እዚህ ምን ያህል እንዳጋነነ ታውቋል፤ ያንን ቀንሰሽ አቅርቢ» አላት። «የእዚህ መታጠፊያና የመቂው አንድ አይደሉም» አለችው። «እዛ ያለውን ውሃ እዛ ነው የምለካው።»

ጾም ስለሆነ ካፌ ሽሮ በላን።

ሐሙስ

የአዴ ዘሀራ ጎረቤት ወፍራም ላስቲክ ያነጠፈበት የውሃ ማጠራቀሚያ አለው፤ አራት ማዕዘን፣ ልኩ የሚታወቅ። ቆጣሪውን አውጥተን ጣልን። ውሃውን ሁሉ እዚያ ውስጥ ለቀቅን፣ ጥልቀቱን በዘንግ ለካን። ረፋዱ ላይ ከሐይቁ ንፋስ ተነሳና ውሃው ተናወጠ፣ ዘንጉ ላይ ማንበብ አቃተን። ሃዊ «እስኪረጋ እንጠብቃለን» አለች። ጠበቅን። አሮጌውን ቱቦ ገጥመን ለካን፣ አዲሱን ለካን፣ እንደገና አሮጌውን፣ እንደገና አዲሱን። ሞተሩን ስናወጣና ስናወርድ ትከሻዬ ተላጠ።

ውጤት፦ በዚያው ናፍጣ ከሰባት አንድ እጅ ገደማ ተጨማሪ ውሃ። የማክሰኞውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። የአዴ ዘሀራን የቦይ ቆጠራ ሳሰላው ቁጭ እሱን ነው!

ሃዊ ወረቀቱን ይዛ ቆመች። «ትንሽ ነው» አለች፣ ለራሷ ያህል።

አዴ ዘሀራ ሰሙ። «ለእናንተ ነው ትንሽ። እኔ በየሦስት ቀኑ ነው የማጠጣው። በሰባት ጀሪካን ናፍጣ የስምንቱን ውሃ ሳገኝ ትንሽ ነው?» አሉ። «ደግሞ እኔ ያቺን ማሳ ካጠጣሁ ሞተሩን አጠፋለሁ። የተረፈው ውሃ ለሐይቁ ነው።» ሃዊ ይኼን ቃል በቃል ጻፈችው።

ከዚያ የቀኑ ክፉ ነገር መጣ። ከድር አልጠበቀም። ማክሰኞ ወደ ማታ አሮጌ ቱቦውን ቆራርጦ፣ አዲስ ገዝቶ፣ ሞተሩን አውርዶ ገጥሟል። ሃዊ እሱ ዘንድ መሄድ አልነበረባትም፤ ጠብቅ ብላዋለች። ሄደች። እውነቱን ነገረችው። ሰውየው ጮኸ። «ቆጣሪው አንድ ሦስተኛ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ! ዶክተር ናት ብዬ ነው ያመንኩት!» አለ። አላቋረጠችውም። ሲጨርስ «ልክ ነህ። ሞተርህን ልየው?» ብላ ጠየቀችው።

አየችው። ቱቦውን አዙሮ፣ አጣሞ ነው የገጠመው፤ ያቺን ከሰባት አንዷን እንኳ አያገኝም። ተንበርክካ ሁለት ሰዓት ሙሉ አብራው ሠራች። እስከ ወገቧ ጭቃ ሆነች። ሲጨርሱ ሞተሩ ተነሳ፣ ውሃው ቀጥ ብሎ ወጣ። ከድር ምስጋና የሚባል ነገር አልተናገረም፤ ግን እጇን እንድትታጠብ ንጹሕ ውሃ በማስታጠቢያ አምጥቶ ራሱ አፈሰሰላት።

ለእኔ ይኼ ከመቶ ስላይድ ይበልጣል።

ስንመለስ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት። የነገውን ንግግሯን ገና አልቀየረችም።

ዓርብ

ስብሰባው ሦስት ሰዓት ተጀመረ፣ ከጁምዓ በፊት እንዲያልቅ። አዴ ዘሀራ ነጭ ሻሻቸውን አድርገው ከመቂ በሚኒባስ መጥተዋል። ከድርም መጥቷል፤ ከኋላ ተቀመጠ።

ሃዊ የማክሰኞውን ቁጥር አንደኛው ስላይድ ላይ በትልቁ አሳየች። አዳራሹ አጉረመረመ። ከዚያ «ይኼ ስህተት ነው» አለች። ቆጣሪው የት እንደነበር፣ ለምን እንዳጋነነ፣ ማን ከሁሉ በፊት እንደጠረጠረ ነገረቻቸው። የአዴ ዘሀራን ስም ጠራች። የእኔን አልጠራችም። «የመለኪያው አቀማመጥ የእኔ ኃላፊነት ነበር» አለች። ከወንበሬ ብድግ ልል ስል አየችኝ፤ ዓይኗ «ይቀመጡ» አለኝ። ተቀመጥኩ።

ከፊት ከተቀመጡት አንዱ፣ ከወሳኞቹ መሆኑ ነው፣ «ይኼን ለምን ትነግሪናለሽ? ትክክለኛውን ብቻ ብታቀርቢ አይበቃም ነበር?» አላት።

«የማክሰኞውን ቆመው ያዩ ሰዎች አሉ» አለች። «ቪዲዮው በስልክ እየዞረ ነው። ቱቦውን የቆረጠም አለ። እውነተኛውን ከእኔ መስማት አለባቸው።»

ሰውየው ጻፈ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

አዴ ዘሀራ ሳይጠየቁ ተነሱ። «እኔ የማውቀው ይኼን ነው» አሉ። «ብዙ ሰው መጥቶ ማሳዬን ለክቶ ሄዷል። ተሳስቻለሁ ብሎ ተመልሶ የመጣ ይቺ ልጅ ብቻ ናት። ነገም ቁጥር ብትነግረኝ አምናታለሁ።» ተቀመጡ። ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ አንድ ሰው ብቻ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ዞር ስል ከድር ነው።

ውሳኔው? «እናሳውቃችኋለን።» ይኸው ነው።

ሃዊ ግቢው ውስጥ አንድ ጠርሙስ ውሃ በአንድ ትንፋሽ ጠጣች። ስትናገር ግን ድምፇ አልተንቀጠቀጠም፤ ይኼን አስተውያለሁ።

ቅዳሜ

ከወሳኞቹ ወሬ የለም። ሃዊ ለማንም አልደወለችም፤ አትጠይቅም።

ጠዋት ሪፖርቱን በኢሜይል ላከችልኝ፣ ስህተት ካለ እንዳርም። ትዕግሥት፣ ባለቤቴ፣ ልብስ ስታጥፍ እኔ ስልኬ ላይ ማንበብ ጀመርኩ። ከርዕሱ ሥር የሃዊ ስም አለ። ከሱ ቀጥሎ ደረጀ የሚል ከነአባቴ ስም።

መጀመሪያ የሌላ ሰው መሰለኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንት ጥናት ለክቻለሁ! ስሜ አንድም ጊዜ ወጥቶ አያውቅም። አንዳንዱ መጨረሻ ገጽ ላይ «የላቦራቶሪው ሠራተኞች» ይላል።

ወደ ታች ወረድኩ። የቆጣሪው ታሪክ ሙሉውን ተጽፏል። ሁለት ገጽ። ፊቴ ጋለ። ደወልኩላት።

«ዶክተር፣ ስሜን ሰርዢው።» አሁንም አንቺ።

«ለምን?»

«ስህተቱ የኔ ነው። እዚያው ሥር ተጽፏል እኮ።»

«ያገኙትም እርስዎ ነዎት። እሱም እዚያው ተጽፏል» አለች። ቀጥላም «ጋሽ ደረጀ፣ እኔ ብቻዬን ብሆን ዓርብ ቆሜ ውሸት እናገር ነበር፤ ውሸት መሆኑንም ሳላውቅ። ካልፈለጉ እሰርዘዋለሁ። የእርስዎ ስም ነው» አለችኝ።

ትዕግሥት ልብሱን ትታ ቆማ ታዳምጠኛለች። ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ገጹን አየችው። እንግሊዝኛው ብዙም አይገባትም፤ ስሙን ግን በጣቷ ነክታ «ይኼ አንተ ነህ?» አለችኝ።

ስልኩን ተቀብያት ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ሃዊ አልዘጋችም፣ እየጠበቀችኝ ነበር።

«ስሜ ይቆይ» አልኳት።