የቁም በሬ ቅርጫ

ሰኔ ፲፭ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ረቡዕ። ማለዳ።

ዳዊት ደገምኩ። ቀለም በጠበጥኩ፤ ቀጥኗል፣ ታገሺኝ ደብተሬ። ዳልቻ ድርቆሹን አልነካም። ትናንት ጫንቃው ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ነበር፤ ዛሬ ጡጫ አክሏል። ስነካው ቆዳው ይንቀጠቀጣል።

ያለኝ በሬ አንድ እሱ ነው። የጎረቤቴ የሞላም አንድ ነው። ሁለቱን አቀናጅተን ሞላ ያርሳል፤ አንድ ቀን የእኔን መሬት፣ አንድ ቀን የእሱን። የሞላ በሬ ቁመቱ ረጅም ነው። ቀንበሩ ወደ ዳልቻ ያዘነብላል። ሳምንት ሙሉ አይቼ ዝም አልኩ፤ ብናገር መቀናጆው ይፈርሳል ብዬ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይጻፍ።

ሰኔ ፲፯፣ ዓርብ።

ሞላ በጋለ ብረት የሚተኩስ ባለመድኃኒት አመጣ። አልወደድኩትም። ሌላ የማውቀው ግን የለም። እብጠቱን ዙሪያውን ጠበሰው። ዳልቻ ተንበረከከ። ሰውየው አንድ አሞሌ ጨው ተቀብሎ ሄደ። ከሰዓት በኋላ እብጠቱ ባሰ።

ሰኔ ፲፰፣ ቅዳሜ።

ይሸታል። ራሱን ማንሣት አቅቶታል። ደሴ ሊያየው መጣ። የሰፈራችንን ቅርጫ የሚያስተባብረው፣ ሥጋውንም የሚመድበው እሱ ነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር፦ የታመመ በሬ ሳይሞት ይታረዳል፣ ጎረቤት መደብ መደቡን ይገዛል፣ ባለቤቱ በዋጋው ሌላ በሬ ይፈልጋል። አሁን ግን የሐዋርያት ጾም ነው። እስከ ሐምሌ ፭ ሥጋ የሚቀምስ የለም። ዳልቻ ዛሬ ቢሞት ለጅብ ነው።

ደሴ ዞር ዞር ብሎ አየው። «እሜቴ፣ ይኸስ ጾመኛ ነው። ከእርስዎ ተምሮ እህል ተወ» አለኝ። አልሳቅሁም። ከሄደ በኋላ ትንሽ ሳቅሁ።

ሰኔ ፲፱፣ እሑድ። ከቅዳሴ መልስ።

ገበዙን ጠየቅኋቸው፤ ቤ/ክ ለመበለት በሬ የምትረዳው ነገር ይኖር እንደሆን። ጠበል ሰጡኝ። ተቀብዬ ረጨሁ፤ ጠበል አልንቅም። እግ/ር ግን እጅም ሰጥቶናል።

ከሉማሜ የመጣ ነጋዴ አንድ ነገር ነገረኝ። ማርቆስ ከተማ የጣሊያንን ጦር በቅሎዎች የሚያክም ሐኪም አለ፤ በገንዘብ የአገሬውንም ከብት ያያል። ከጣሊያን ደጅ መቆም የዕድሜዬ መጨረሻ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ዳልቻ ግን እየሞተ ነው። ነገ እሄዳለሁ።

ሰኔ ፳፣ ሰኞ።

ደርሼ ተመለስኩ። ግማሽ ቀን መሄጃ፣ ግማሽ ቀን መመለሻ። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ይጮኻል። ሐኪሙ ጠጉሩ የሸበተ ነው። የእብጠቱን ልክ በእጄ አሳየሁት። ይሰነጠቃል፣ ይታጠባል፣ እስከ ረቡዕ አምጡት፤ ከዚያ ካለፈ አትልፉ አለ። ዋጋው ያልተገራ ወይፈን የሚገዛ ገንዘብ። ያውም በጣሊያን ወረቀት፤ ጠገራ ብር አይቀበልም።

አስተርጓሚው የአገራችን ሰው ነው። አዲስ ጫማ አድርጓል። እስከ በሩ ሸኘኝና በነፃ የሚታከምበት መንገድ አለ አለ። በእናንተ ሰፈር በኩል ጫካ ላሉት ሽፍቶች ስንቅ የሚያወጣው ማን ነው? ሁለት ስም ብቻ ይበቃል። ሽፍቶች አለ፤ አርበኞች ለማለት አፉ አልደፈረም።

«በሬዬ አንገቱን አመመው እንጂ እኔ ምላሴን አላመመኝም» አልኩት። ሳቀ። ያስቡበት እማማ አለኝ።

ስንቁን የሚያወጣው ማን እንደ ሆነ አውቃለሁ። አንቺም ላይ አልጽፈውም።

መንገዱን ሁሉ ሳስብ መጣሁ። ስለ ስሙ አይደለም፤ እሱ ተቆርጧል። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ስል።

ሰኔ ፳፩፣ ማክሰኞ። የማርያም ዕለት።

የአባቴን ዳዊት የሚገዛኝ አላጣም። ዲማ መምህር ሳሉ በእሱ ነው ያስተማሩኝ፤ በእሱና በአለንጋ። አልሸጥም። ይህም ተቆርጧል።

ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሳለ ትዝ አለኝ፤ እግ/ር ይቅር ይበለኝ። ለሐምሌ ፭ መፈሰኪያ የሚታረድ ወይፈን ሊገዙ ስምንት ቤቶች አዋጥተዋል። ገንዘቡ ደሴ ዘንድ ነው። ሰው ሲወጣ ስምንቱንም ከወይራው ሥር አስቀመጥኩ።

እንዲህ አልኩ፦ ቅርጫውን በዳልቻ ግቡ፣ በቁሙ። በዚያ ገንዘብ ይታከም። ከዳነ ከሞላ በሬ ጋር ለየቤታችሁ አንድ አንድ ቀን ያርሳል። ከሞተ የጤፍ መሬቴን ለአንድ ዓመት እረሱት፣ ምርቱን ብሉት። ከዚያ ሌላ መሬት የለኝም፤ ያውቃሉ።

ሞላ ፊቱ ጠቆረ። ሳላማክረው በሬውን ሰጠሁበታ። ስለዚህ የቀንበሩንም ነገር እዚያው ተናገርኩ፤ አይቼ ዝም ማለቴን። ለካ እሱም አይቶ ዝም ብሎ ኖሯል። ሁለታችንም መሬት መሬት አየን። ከዚያ በሬውን ፈቀደ።

ደሴ፦ «እሜቴ፣ እኔ ጉበት እንጂ ትንፋሽ መድቤ አላውቅም» አለ። ሳቁብኝ። ሚስቱ ያልጋነሽ ብድግ አለች። ወር ሙሉ የጾሙ ልጆቿን በፍስክ ሽሮ ልታበላ ነው? እኔም ያንኑ እበላለሁ አልኳት። ቆማ አየችኝ።

«እንግዲያ መጀመሪያ የእኔን ጓሮ ይረስ! ይኸ ሰውዬ ከአምና ጀምሮ ነገ፣ ነገ ይለኛል።»

ደሴ ራሱን አከከ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። ጠገራውን የሉማሜው ነጋዴ በወረቀት መነዘረልን።

ሰኔ ፳፪፣ ረቡዕ።

ዳልቻ በመንገድ አምስት ጊዜ ተኛ። አምስት ጊዜ አስነሣነው፤ ሞላ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ሐኪሙ ሰነጠቀው። መግሉ ገበቴ ይሞላል። አጠገቡ ቆሜ አንድ በአንድ አየሁ። ምላጩ ይፈላል። ቀዳዳው ከታች በኩል ነው፤ ፈሳሹ ራሱ እንዲወርድ። ውሃው ፈልቶ ጨው ይገባበታል፤ ለብ ሲል ይታጠባል። ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ውስጥ ይገባል፣ አፉ ቶሎ እንዳይገጥም። በየቀኑ ይለወጣል።

ጥፍሩን አየሁ፤ ንጹሕ ነው። እጅህ ደኅና ነው፤ አገሬን ግን ማን አሳየህ በለው አልኩ። አስተርጓሚው አልተረጎመውም። በስምንተኛው ቀን መልሳችሁ አምጡት ተባልን። የዚያም ዋጋ አብሮ ተከፍሏል።

ሰኔ ፳፯፣ ሰኞ።

ሣር ቀመሰ! ሁለት ጉንጭ። እልል አላልኩም። ያልጋነሽ በየጠዋቱ ውሃ ታፈላልኛለች፤ ጓሮዋን እያሰበች።

ሰኔ ፳፱፣ ረቡዕ።

ሣሩን ተወ። ቁስሉ ጨርቁን ገፍቶ አፉን ዘግቷል፤ ከሥሩ ሌላ እብጠት ይዟል። ይፋጃል።

ነገ እንደምንሄድ እንዲናገር ሞላን ወደ ማርቆስ ልኬው ነበር። አስተርጓሚው ኬላው ላይ ጠበቀው። ያቺ አሮጊት ሁለቱን ስም ሳትይዝ ከመጣች በሬዋ አይታይም፣ እሷም አትመለስም ብሎታል። ሞላ ከንፈሩ ደርቆ ነው የገባው። ደሴ የሞተ ሰው ስም እንስጠው አለ። የሞተም ሰው ልጅ አለው፣ ቤት አለው፤ የሚቃጠለው እሱ ነው አልኩ። አንሄድም።

ሰኔ ፴፣ ሐሙስ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።

ወሰንኩ። ራሴ እሰነጥቀዋለሁ።

የሰኔ ፳፪ን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩ። የጎደለ የለበትም። ምላጩ ድስት ውስጥ ይፈላል። ጨው አለ። የነጠላዬ ጫፍ ተቀዶ፣ ታጥቦ፣ ደርቋል። ሞላ ቀንዱን ይይዛል። ደሴ እግሩን በጠፍር ያስራል። ያልጋነሽ ውሃውን ታፈስሳለች። የሌሎቹም ቤቶች ወንዶች መጥተዋል፤ ማንም አልጠራቸውም።

ደሴ፦ «ቢሞትስ እሜቴ?» አለ። ያለ ቀልድ። ቢሞት መሬቱ የእናንተ ነው፤ ብያለሁ። ባልነካው ግን እስከ እሑድ አይቆይም፤ ይህን አንተም ታያለህ አልኩት። ጠፍሩን ሊያመጣ ሄደ።

አሁን የምጽፈው እጄን ለመፈተን ነው። መስመር አላሰመርኩም። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ። አልተንጋደዱም። አባቴ ቢያዩት አለንጋ አያነሡም።

ዳልቻን ደጅ አቁመውታል። ሞላ ይጠራኛል። መጣሁ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ እንኳ…