ከአቮካዶው ሥር

ለምወድሽ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንዴት ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ? ፊትሽ ላይ የወጣው ሽፍታ ጋብ አለልሽ? እኛ ደህና ነን። ቀለም ቀቢው ባሌም ከመሰላሉ ጋር እየተጣላ ደህና ነው።

እታለም፣ ቅር ብሎኛል። ሐኪሙ ፀሐይ እንዳይነካሽ ካለ ወዲህ መጋረጃ ዘግተሽ መዋልሽን፣ ጽጌረዳዎችሽንም ለጎረቤት ማደልሽን ልጅሽ ነገረችኝ። እኔ ጋ ነይ ብዬ ብልክብሽ ደግሞ፣ ጓሮ ወጥቼ ካልተቀመጥኩ ምን ላደርግ እመጣለሁ አልሽ አሉ። እሺ። አሁን እኔ ልኩራ፣ አንቺ አንብቢ።

ያ ከአቮካዶው ሥር ያለው፣ አሮጌ ቆርቆሮና የቀለም ጣሳ የምንጥልበት ጥግ ትዝ ይልሻል? አሁን እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው፤ ሳሎኑ ሁለተኛ ሆኗል። እኔ፣ ቁልቋል እንኳ ያደረቅሁት! እጅሽ የነካው ይደርቃል እያልሽ ስትስቂብኝ የኖርሽው!

መጀመሪያማ ጉድ ሆኜ ነበር። ያንቺ አምሮኝ ጽጌረዳ ተከልኩ፤ ቀጥኖ ቀጥኖ ወደ አጥሩ ተንጋደደና ሞተ። ባሌ ቅርንጫፉን እናስቆርጥ፣ ፀሐይ ይግባ አለና ቆራጩን ከነመጋዙ አመጣው። አንዲት ቅርንጫፍ አትነካም ብዬ ግንዱ ሥር ቆምኩ። ሰውየው እብድ ሳልመስለው አልቀረሁም፤ መጋዙን ይዞ ተመለሰ።

በማግስቱ ወንበር አውጥቼ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ ዋልኩ። ፀሐዩ እግሬን ባገኘው ቁጥር ወንበሩን ገፋ አደርጋለሁ። ባሌ ነካ አድርጓታል ብሎ ለእናቱ ደውሏል። በመጨረሻ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የማያርፍበትን ቦታ አገኘሁ።

ችግኝ ሻጩ ጋ ሄጄ ጥላ የሚወዱትን አስመረጥኩ፤ ፈርን፣ ቤጎኒያ፣ ነጭ ካላ። ትልልቁን ላነሳ ስል ከለከለኝ። የዛፉ ሥር ቦታ አይሰጠውም፣ ትንሹን በሥሮቹ መሃል ሸጎጥ አድርጊው፣ እስኪጸድቅ ድረስ ደግሞ ዛፉ ውኃውን ስለሚሻማው ሳትሰስቺ አጠጪ አለኝ። ሥሩን እንዳልጎዳ በማንኪያ ቆፈርኩ፣ ብስባሽ አለበስኩ፣ ማለዳ ማለዳ አጠጣሁ። ባሌም ተሸንፎ ከሥራ የተረፈውን ነጭ ቀለም አጥሩ ላይ ለቀለቀውና ጥጉ ወገግ አለ። ፈርኑ ቅጠሉን ሲዘረጋ ብታዪ! ካላው አበበ፣ እታለም፣ በእኔ እጅ አበበ!

በቀደም ሻጩ ራሱ ሊያይ መጥቶ፣ ዞሮ ዞሮ አደነቀ። መሃሉን፣ ያን ወንበሬ ያረፈበትን ቦታ፣ ለምን ባዶ ተውሽው፣ ምን ልታስገቢበት ነው አለኝ። ገና ከሩቅ የሚመጣ አለ አልኩት። ጥላ ይወዳል ወይ ሲለኝ፣ አትወድም፣ ግን ትለምደዋለች አልኩት።

ፈጣሪ ጤናሽን ይመልስልሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ። ጎህ ሳይቀድ በሚነሳው አውቶቡስ ተሳፈሪ። ባሌ ጃንጥላ ይዞ መናኸሪያ ይጠብቅሻል።

እጇ አበባ ያወጣላት
ታናሽ እህትሽ