በቀለም የሸፈንኳት ታርጋ

ሰይዶ አካሌ፣ አላህ ይዘንልህ። ከተለየኸኝ ሁለት ጊዜ ሽንኩርት ተነቀለ፣ ሦስተኛው እርሻው ላይ ነው። ደስታው አላስችል ቢለኝ ነው ብዕር ያነሳሁት፤ የውሃ ሞተራችን ሠራች።

አዎ፣ ያቺው ሞተር። ሁለት ጊዜ ተቃጥላ ሁለቴም ቆቦ ወስደህ የተቃጠለ ሽቦዋን በአዲስ አስጠቀለልክ። ለሁለተኛ ጊዜ ተሸክመሃት ስትመለስ፣ የሞተ ብረት ገዝተህ ልታደኸየን ነው፣ ሁለተኛ እንዳትነካት አልኩህ። ሽርጥህን አጥብቀህ ወደ እርሻ ወጣህ። ታመህም ተኝተህ ሞተሯ የተተከለችበት ጉድጓድ አልቀናንም ትል ነበር እንጂ እኔን አልወቀስክም።

ሰሞኑን ዝናብ ጠፍቶ ሽንኩርቱ ሲጠወልግ ለቆራሌው ልሸጣት ተነሳሁ። ቆቦ ኤሌክትሪክ የምትማረው ልጅህ ዘሃራ ግን መጀመሪያ ታርጋዋን ልየው አለች። እኔ ታርጋ ያለው መኪና ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጎኗን በቢላ ስትፍቅ ከቀለሙ ሥር ቁጥርና ፊደል የሞላበት ትንሽ ቆርቆሮ ወጣ። አጠገቧ ቁጢጥ አድርጋ አስነበበችኝ። በደቂቃ 1450 ጊዜ ትዞራለች። ዝቅ ብሎ 220 ቮልት ከሦስት ማዕዘን ምልክት ጋር፣ 380 ቮልት ከእንግሊዝኛው ዋይ ፊደል ጋር ተጽፏል። የኛ መስመር 380 ስለሆነ ሽቦዎቿ በዋይ መታሰር ነበረባቸው። አንተ ጽሑፉ ስላልታየህ በግምት በሦስት ማዕዘን አሰርካት። ለካ ከአቅሟ በላይ ኤሌክትሪክ እየጋትናት ነው የተቃጠለችው።

ሰይዶ፣ ያንን ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ። ገና እንደመጣች፣ ዝገት እንዳይበላት ብዬ፣ ከበሩ በተረፈው አረንጓዴ ከላይ እስከ ታች ለቀለቅኳት። ከዚያ ዞሬ አንተን ዕቃ አታውቅም አልኩህ።

ዘሃራ ሽቦዎቿን የሚያገናኙትን ሦስት የናስ ቁራጮች ፈትታ በዋይ አሰረችና ማብሪያውን እኔ እንድጫን አዘዘችኝ። ቢስሚላህ ብዬ ጫንኩት። ጭስ ስጠብቅ ውሃው ከቧንቧው ገንፍሎ ቀሚሴን አበሰበሰው። እልልታዬን የሰሙ ጎረቤቶች ሰርግ መስሏቸው መጡ። ሽንኩርትህ ዛሬ ጠጥቶ አድሯል።

አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። ቀለሙ ግማሽ ጣሳ ቀርቶኛል፤ እንደገና እቀባታለሁ፣ ታርጋዋን ግን አልነካም። በየጠዋቱ ከማስነሳቴ በፊት አቧራዋን በሻሼ ጠርጌ ቁጥሮቹን አነባለሁ። ባሌ ደህና ዕቃ ነበር የገዛው እያልኩ፣ እስክሞት።