ከመንገዱ ማዶ ያለው ካሜራ

እህተማርያም ሆዴ፣

ትናንት እዚህ ሴንት ፖል ከተማ፣ የግዛቱ ምክር ቤት ፊት ለፊት፣ የቲቤት ሰዎች ቻይናን ሲቃወሙ አየሁ። ፖሊሱ ቆሞ ቡናውን ይጠጣል፤ የሚነካቸው የለም። ግን ግማሾቹ ፊታቸውን ሸፍነዋል። አንዷን ለምን እንደሆነ ብጠይቃት ከመንገዱ ማዶ ካሜራ የያዘ ሰውዬ በአገጯ አሳየችኝና «እናቴ እዚያው አገር ቤት ናት» አለችኝ። ካሜራው ወደኛ ሲዞር እኔም ሳላስበው ሻርፔን እስከ ዓይኔ ሳብኩት። የአክስቴ ልጅ ቤዛዊት «ምን ሆነሻል? አሜሪካ እኮ ነው!» ብላ ሳቀችብኝ። አንቺ ብትሆኚ አትስቂም፤ ከምርጫው በኋላ ሰልፍ ላይ ፎቶ የተነሱት የሰፈራችን ልጆች ምን እንደደረሰባቸው ታውቂያለሽ።

የካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ፣ እማዬን አይዞሽ በያት። ካርዱን ወደ አገር ቤት የሚመጣው ሐብተማርያም በእጁ ያደርስልሻል፤ ፖስታ ቤት አላመንኩም። ስሜንም አልጻፍኩም፤ የእጅ ጽሑፌን ታውቂዋለሽ።