በሁዳዴ የተቀመሰ ወተት

ቢቸና፣ መጋቢት ፳፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ሞጣ ላለችው ልጄ ለእፀገነት

የዓይኔ ማረፊያ እፀገነት፣ እንዴት ሰነበትሽ? ባለቤትሽ የኔሰውስ ደህና ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም አብሮኝ ያረጀ ነውና አልፈርድበትም። ስልኬን አላነሳ ካልሽ ይኸው በወረቀት መጣሁብሽ። ቀድደሽ እንዳትጥይው ብቻ። መጀመሪያ ሳቂ፣ ከዚያ ትቆጪኛለሽ።

ጉድ ልንገርሽ። አባትሽ መሪጌታ አካለ ወልድ በሁዳዴ ወተት ቀመሰ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ውስጥ አይጥ ድጓውን እየበላ አስቸገረኝ። ካህናቱ "ድመቷ አለች፣ ትንሽ ይታገሡ" ቢሉኝ እኔ መች ሰው እሰማለሁ! ከገበያ የአይጥ መርዝ ገዝቼ በየጥጋጥጉ በተንኩት። በሦስተኛው ቀን ድመቷ የተመረዘ አይጥ በልታ ኖሮ ደጁ ላይ ሞታ አገኘኋት። ቀብሬያት ስመለስ ከተቀደደው አሮጌ ከበሮ ውስጥ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ። እጄን ብሰድ አራት የድመት ግልገሎች፣ ዓይናቸው እንኳ አልተገለጠም።

ወይ አካለ ወልድ! እናታቸውን የገደልኩ እኔ፤ ማን ላይ ልጥላቸው? በጋቢዬ ጠቅልዬ ቤት አመጣኋቸው።

ወተት ፍለጋ ጎረቤታችን ጥሩአየሁ ዘንድ ሄድኩ። ላሟ ወልዳለች። "የኔታ፣ በሁዳዴ ወተት? ምነው፣ ምን ነካዎት?" ብላ ሳቀችብኝ። "ለድመት ነው" ብላት "ይተዉ እንጂ የኔታ፣ ድመቱ ስንት ጥርስ አለው?" አትለኝም ይቺ ምላሰኛ! እስከ ማታ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ቢሆንም ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ብርጭቆ አልነፈገችኝም፣ እግዜር ይስጣት።

ከመድኃኒት ቤት መርፌ የሌለው ሲሪንጅ አምጥቼ ብሞክር እምቢ አሉ። መጨረሻ ላይ ጣቴን ወተቱ ውስጥ እየነከርኩ ብሰጣቸው መጥባት ጀመሩ። አንዷ ግን በአራተኛው ቀን እጄ ላይ ሞተች። አለቀስኩ። እናትሽ ከሞተች ወዲህ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው፤ ለማንም እንዳትነግሪ።

ከዚያ በኋላ ፈራሁ። ወተቱ ይፈጃቸው ይሆን፣ ይበርዳቸው ይሆን እያልኩ ስጨነቅ፣ አንድ ጠዋት ሳላስበው ጣቴን ወደ አፌ ከተትኩት። ነፍሷን ይማርና እናትሽም ያንቺን አጥሚት እንዲያ ነበር የምትቀምሰው። ሁዳዴ መሆኑ ትዝ ያለኝ ከዋጥኩት በኋላ ነው። ሃምሳ ዓመት ጾም ገድፌ የማላውቅ ሰውዬ!

ወደ ንስሐ አባቴ ወደ አባ ገብረ ማርያም ሄድኩ። ሰምተው ሲያበቁ "ለምን ቀመስከው?" አሉኝ።

"እንዳይፈጃቸው ብዬ።"

"የማን ናቸው?"

"የማንም አይደሉም። እኔ ነኝ የማሳድጋቸው።"

የጥምቀቱን ነገር ነግሬያቸው ነበርና "ለወተቱ አርባ ስገድ። ለእፀገነት የተናገርካት ግን በስግደት አያልቅም። የዚያ ንስሐ ያለው ሞጣ ነው" አሉኝ። አርባውን ሰግጄ ስልክ ደወልኩልሽ፤ አላነሳሽም።

በጥምቀት መጥተሽ "አባባ፣ የሟች ጎረቤታችንን ልጅ ስርጉትን የጡት ልጅ ልናደርጋት ነው፤ ሽማግሌዎች ባሉበት ከጣታችን ማር ስትጠባ እርስዎም ተቀምጠው ይመርቁን" ስትይኝ ምን አልኩሽ? "የሰው ወርቅ አያደምቅ።" አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ልጅ አጥተሽ ስታለቅሺ እያወቅኩ ይህን ተናገርኩ። ምሳሽን ሳትበይ ወጣሽ። እኔም ተረት አዋቂው ሰውዬ ትክክል የተናገርኩ መስሎኝ እንጀራዬን ጠቅልዬ በላሁ። አፌን ቢቆርጠው ይሻለኝ ነበር። ይቅር በይኝ ልጄ።

አሁን ሦስቱም ዓይናቸውን ገልጠው ቤቱን እያተራመሱት ነው። ጠና ሲሉ አንዱን ጥሩአየሁ ትወስደዋለች፤ ለድመት ነው ያልኩትን ያን ጊዜ ታምነኛለች። ሁለተኛው የእናቱን ቦታ ዕቃ ቤቱን ይወርሳል፤ መርዙን አንድ ሳላስቀር ጠርጌ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቀብሬዋለሁ። ሦስተኛዋን ግራጫዋን ለማንም አልሰጥም። ይህን ስጽፍልሽ ጋቢዬ ውስጥ ገብታ ታንኮራፋለች። ድምፄን ስትሰማ ከየትም ቢሆን እየተንከባለለች ትመጣለች። ከእኔ ምን ዝምድና አላት? እኔ ግን ቤት ስገባ መጀመሪያ የምፈልገው እሷን ነው።

የሞጣው ሚኒባስ ሹፌር ከደብዳቤው ጋር ትንሽ ባልዲ ያደርስልሻል። ከጓሯችን ቀፎ በኅዳር የቆረጥኩት ማር ነው። ስርጉትን የጡት ልጅ የምታደርጉበት ቀን ካላለፈ በዚህ ማር አድርጉት። ካለፈም ግድ የለም፣ ለልጅቱ አቅምሱልኝ፤ ዓመት ከመንፈቅ ሞልቷታል ብለሽኝ ነበር። እንድመጣ ከፈቀዳችሁ መንገዱ ሰላም ይሁን እንጂ ከፋሲካ በኋላ ግራጫዋን በዘንቢል ይዤ እመጣለሁ። ከሽማግሌዎቹ ጋር መቀመጥ አይገባዎትም ካላችሁኝም ከደጅ ቆሜ እመርቃለሁ።

እስከዚያው ስልኩን አንሺልኝ። አንቺ ባታናግሪኝም ግድ የለም፤ ለስርጉት ጆሮዋ ላይ አድርጊላት፣ እኔ እንደ ድመት እጮህላታለሁ።

ያቀፍሽው ይባረክልሽ። ያሳደግሽው ይጡርሽ፤ እኔን ከጦርሽው አብልጦ ይጡርሽ። የኔሰውንም ከነትዕግሥቱ ያኑርልሽ። አሜን።

አባትሽ አካለ ወልድ
የስርጉት አያት