ሳይጠራ ጠርቷል ያልኩት

እሑድ፣ ጥቅምት 22 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

የኔ ቆንጆ፣ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ለክፉ አይሰጠኝም፤ እንደወትሮው የቤተ ሙከራውን ብርጭቆ ሳጥብ ነው የምውለው። የእናትሽ እግር ግን አልዳነም። ሐኪሙ "ባክቴሪያው መድኃኒቱን ሁሉ ለምዶታል፤ ቁስሉ ሳይዛመት ከጉልበት በታች ይቆረጥ" ካለን ሦስት ሳምንት ሆነው። እሷ እቴ፣ "ልጄ መድኃኒቱን አግኝታው የማንን እግር ነው የምትቆርጠው?" አለችው። ለጎረቤቱም የምታወራው ይህንኑ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ "አባዬ፣ ያ ውጤት እዚህ እምቢ አለኝ" እያልሽ ስትጽፊልኝ "በርቺ" ከማለት በቀር የመለስኩልሽ የለም። ዛሬ የሆዴን ላውጣው።

ሺፍ ቤዝ የምትይውን ውህድ ከመዳብ ጨው ጋር አዋህደሽ ያን አረንጓዴ ዱቄት ያወጣሽበትን ቀን ታስታውሻለሽ? "አባዬ፣ የተረፈው ጨው እንዲወጣ፣ የሚወርደው አልኮል እስኪጠራ ድረስ እጠበው" ብለሽኝ ወደ ክፍል ሮጥሽ። አንዴ እንዳጠብኩት አልኮሉ አለቀ። የወረደው ገና ሰማያዊ ነበር። ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ ጋር ተኳርፈን ስለነበር ሄጄ መለመን አስጠላኝ። ስትመለሺ "ጠራ?" አልሽኝ። "ጠርቷል" አልኩሽ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ራስሽ አይተሽ ታረጋግጪ ነበር።

በማግስቱ ዱቄቱን ባደረግሽበት የባክቴሪያ ሳህን ላይ ባክቴሪያው ያልበቀለበትን ያን ሰፊ ክብ ስናይ ተቃቅፈን አለቀስን። የትምህርት ዕድል አግኝተሽ ከአገር የወጣሽውም በዚያ ክብ ነው።

እምቢ አለኝ ብለሽ መጀመሪያ የጻፍሽ ጊዜ፣ ከቀረው ዱቄት ቆንጥሬ ሰባት ጊዜ አጠብኩና ከባክቴሪያ ክፍሏ ሴትዮ ጋር ሞከርነው። ምንም የለም። እጣቢውን ጠብ ስናደርግበት ግን ክቡ ወጣ። የገደለው የተረፈው ጨው እንጂ ያንቺ ውህድ አልነበረም። እንዲህ ያለው ጨው ደግሞ የሰውን ሥጋም አይምርም። ያኔውኑ ልነግርሽ ሲገባኝ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔው ሲጠራ አንቺን አዋርዶ፣ የእናትሽን እግር አበስብሶ ነው።

ፕሮፌሰርሽ "ውጤቱን ፈጥራው ነው" ብሎ ጠርጥሮሻል አሉ። ይህን ደብዳቤ አሳዪው። አንቺ አልዋሸሽም፤ አባትሽን አመንሽ እንጂ። ድካምሽን የሚመልስልሽ ነገር ግን እጄ ላይ የለም። ተስፋ ልስጥሽ ብል ከየት አመጣዋለሁ?

ይህን የሚያደርስልሽ ሰው ነገ ይሳፈራል። እንዳነበብሽው ለእናትሽ ደውዪላት። መድኃኒት የለም በያት፤ እሺ ብለሽ ተቆረጪ በያት። እኔ ሦስት ጊዜ ልነግራት ጀምሬ ተውኩት።

ፈጣሪ ከጎንሽ ከኔ የሚሻል ሰው ያቁምልሽ።

አሁን ከአልጋዋ ሆና "ለማን ነው የምትጽፈው?" አለችኝ። ላንቺ መሆኑን ስነግራት እንዲህ ብለህ ጨምርልኝ አለች፤ "የኔ ልጅ፣ አትቸኩዪ። ደህና አድርገሽ ሥሪው፤ እኔ እጠብቃለሁ።"

ጠርቷል ያለሽ አባትሽ