የሻሼ ቅርፊት

ኅዳር 3
ገረመው ስሜን አጠፋ። በወተት ማኅበራችን ስብሰባ፣ የየካ አባዶ ላም አርቢ ሁሉ ባለበት፣ «ፍስሃ ክትባቱን ፍሪጁ ውስጥ አበላሽቶ ሰባት ላም በቆዳ እባጭ በሽታ አስፈጀን» አለ። ሠላሳ ዓመት ላም የከተብኩ ሰው! መርፌውን ነጠቁኝ።
በረት ጠረግሁ። ሁለቱን ላሞቼን አለብኩ። እንደወትሮው።

ኅዳር 7
ሩሃማ መጣች፤ የጎረቤቴ የደብሪቱ ልጅ፣ ቦሌ ላብራቶሪ የምትሠራው። ፖስታዎቼን አሳየኋት። ከታመመ ላም ሁሉ የቁስል ቅርፊት አንሥቼ፣ ፖስታው ላይ ቀንና ስም ጽፌ አስቀምጣለሁ።
«ጋሼ፣ ይሄን ማን አስተማረዎት?»
«ማን ያስተምረኛል?»
ሳቀች። የሻሼን ወሰደች። የገረመው ላም... መጀመሪያ የሞተችው።

ኅዳር 19
ወሬ የለም። ደውዬ አልጠይቅም።

ታኅሣሥ 2
ሩሃማ ታክሲ ተጋፍታ መጣች። የምርመራውን ወረቀት ዘረጋች። ክትባቱ የተዳከመ ግን ሕያው ቫይረስ ነው... ይህን አውቃለሁ። የማላውቀውን ነገረችኝ። ሻሼ ውስጥ የክትባቱ ቫይረስ ከእውነተኛው የበሽታው ቫይረስ ጋር ተገናኘ። ሁለቱ ሲባዙ ቁርጥራጫቸውን ተለዋወጡ። ሦስተኛ ተወለደ። ዝንብ ከበረት በረት አዞረው።
«ድሪቶ በይኛ!»
«ድሪቶ ነው ጋሼ። ግን ስፌቱ በዓይን አይታይም።»
አይ ብልሃት! እጅ የለው፣ ዓይን የለው... ከዚህ ቆርጦ ከዚያ ቆርጦ ለበሰ። ጠላቴ ነው። አደነቅሁት። እሷንም። የማይታይ ስፌት የምታነብ ልጅ!
«ክትባቱ ተበላሽቶ ቢሆን የሞተ ነበር። የሞተ ምን ይሰጣል? ፍሪጅዎ ንጹሕ ነው ጋሼ!»
ደስ ብሏታል። እኔ ግን ቀን ቆጠርኩ። ሁለቱ እንዲገናኙ... ሻሼ ስትከተብ ቀድሞውኑ ታማ መሆን አለባት። ማስታወሻዬን ገለጥኩ። መስከረም 14፦ «ሻሼ፣ ትኩሳት አርባ ከግማሽ። ገረመው ይቆይ አለ። ከተብኩ።»
«አንተ ነህ እኔን የምታስተምር?» ብዬው ነበር። ለምን አልሰማሁትም?

ታኅሣሥ 6
ስብሰባ። የሩሃማን ወረቀት አነበብኩ። ገረመው ተነሣ፤ «በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» አለ። ተጨበጨበ። እዚያ ላይ መቀመጥ እችል ነበር... አልተቀመጥኩም። መስከረም 14ንም አነበብኩላቸው። ጭብጨባው ቆመ።
ገረመው ቀረብ ብሎ፣ «አንተ ግትር፣ ባታነበው ከእኔ ሌላ ማን ያውቅ ነበር?»
«ተጽፏል።»
ራሱን ነቀነቀ። መርፌውን ከማኅበሩ ሳጥን አወጣ። «ቴርሞሜትሩ ይቅደም» ብሎ በእጁ አቀበለኝ። ተቀበልኩ። ነገ ከእሱ በረት እጀምራለሁ። ትኩሳት ያላት ትቆያለች።
ስለ በደሉ ግን፣ የእሱም ሆነ የእኔ፣ ከእንግዲህ አንድ ቃል አይወጣኝም። እዚህም አልጽፈውም።